ቦታ ከተረፈ፣ ወደ ሐይቅ

ንጋት፣ ቦሌ

ሱብሒን ሰግደን ወጣን። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ታክሲው ከኋላ መስታወቱ ላይ ጤዛ እንዳዘለ ነው የመጣው። እኔና ልጄ ሐያት ከኋላ ተቀምጠናል፤ በመካከላችን አንዲት ትንሽ ሻንጣ። ሻንጣዋ ውስጥ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ ሁለት የሕፃን ሹራብና የመስገጃ ምንጣፌ አሉ።

ሐያት አንድ አየር መንገድ ውስጥ መንገደኛ ተቀባይ ሆና ከተቀጠረች ወራት ቢሆናት ነው። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰችው በዚህ ሰሞን ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ እናትና አባቱን በቅናሽ ትኬት ማሳፈር ይችላል። አባቷ የለም፤ አላህ ይዘንለት። ትኬቱ ለእኔ ደረሰ።

ትኬቱ ታዲያ እንደ ሌላው ሰው ትኬት አይደለም። ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሁሉ ገብቶ ሲያበቃ ቦታ ከተረፈ ትገቢያለሽ። ካልተረፈ ሻንጣሽን ይዘሽ ሌላ በረራ ትጠብቂያለሽ። መሥሪያ ቤቱ የፈረንጅ ስም አለው፤ እኔ «ቦታ ከተረፈ» እለዋለሁ።

የምሄደው አምባሰል ነው። ታላቋ ልጄ ሐሊማ ከውጫሌ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ያለ መንደር ተድራ ትኖራለች። ነፍሰ ጡር ናት። ቀኗ የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ትናንት ማታ ግን ባሏ አሕመድ ደወለና «እማ፣ ወገቤን እያለች ነው» አለኝ።

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ሳትስመው ነው የቀበረችው። ያኔ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና አልደረስኩላትም። በስልክ አብረን አለቀስን። ስልክ እንባ አይጠርግም። ዘንድሮ አጠገቧ መሆን አለብኝ። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ የአውሮፕላኑ ትኬት ደግሞ ተሸጦ አልቋል። የቀረኝ የሐያት ትኬት ነው።

ታክሲው ውስጥ ሐያት ትመክረኛለች።

«እማ፣ ከማንም ጋር አትከራከሪ።»

«መቼ ተከራክሬ አውቃለሁ?»

«ልጄ እዚህ ነው የምትሠራው እያልሽም አታውሪ።»

«እሺ።»

«ስምሽ ሲጠራ ቶሎ ተነሺ። ቶሎ! ሁለቴ አይጠሩም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«ጫማሽን አሳዪኝ።»

በሠራተኛ ትኬት የሚሄድ ሰው አለባበሱ ደህና መሆን አለበት። ነጠላ ጫማ አይፈቀድም። የዒድ ጫማዬን ነው ያደረግሁት፤ ጣቴን ይቆነጥጠኛል። እግሬን አንስቼ አሳየኋት። «ቆንጆ» አለችና ሳቀች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት።

ፍተሻው ላይ የገንፎው ዱቄት አስቆመኝ። ፈታሿ ላስቲኩን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«ዱቄት።»

«የምን ዱቄት?»

«የገንፎ። ልጄ ልትወልድ ነው።»

ላስቲኩን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ሻንጣዬ ውስጥ መለሰችው። «በሽልም ያውጣልዎት» አለችኝ። አሚን አልኩ። ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለኝ ያኔ ነው።

ረፋድ፣ ከጠረጴዛው ማዶ

የእኛ ቦታ የት እንደሆነ የሚነግር ጽሑፍ የለም። ቦታ ከተረፈ የሚገቡት ሁሉ ግን ምሰሶው ሥር ወዳሉት ወንበሮች ይሄዳሉ። ከዚያ የመንገደኞች መመዝገቢያው ጠረጴዛ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የደሴ ነጋዴዎች ያልፋሉ። ከጂዳ የተመለሱ ልጃገረዶች ትልልቅ ብርድ ልብስ እየጎተቱ ያልፋሉ። እኛ እንቆጥራለን።

ከእኔ ቀድመው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጋሽ ይመር ይባላሉ፤ ልጃቸው የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ወደ ኩታበር ነው የሚሄዱት፤ የታናሽ ወንድማቸው የአርባ ቀን መታሰቢያ ነገ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ጫማቸው ግን እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር ቆዳ ነው።

«የልጄ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «የእኔ ጎማ ነው። በእሱ አትገባም ተባልኩ።»

«የእኔም የዒድ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሁለታችንም ያለ በዓሉ በዓል አከበርን።»

ስለ ሐሊማ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «እመብርሃን ትድረስላት» አሉ።

መቁጠሪያዬን፣ ሙስበሃዬን አወጣሁ። «ያ ረቢ፣ አንዲት ቦታ…» ልል ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ቆመ። ቦታ የሚተርፈው ሰው ሲቀር ነው። ሰው የሚቀረው ደግሞ ታሞ ነው፣ ወይ መኪና ተበላሽቶበት፣ ወይ መርዶ መጥቶበት። የማንን መቅረት ልለምን? ተውኩት። «ለሐሊማ አግራላት» ብቻ እያልኩ ቆጠርኩ።

ጋሽ ይመር ከንፈሬን ያያሉ። «ቦታ እየለመንሽ ነው?»

«አይደለም። ቦታ ብለምን ሰው እንዲቀር መለመን ነው።»

ትንሽ አሰቡበት። «እኔ አውሮፕላኑ እንዲሰፋ ነው የምለምነው» አሉ።

የመንገደኛው ሰልፍ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ የሐያት ባልደረባ ናት። ብድግ ብላ ስሜን ጠራች። «አንድ ቦታ አለ።»

ተነሳሁ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ዞር ብዬ ጋሽ ይመርን አየኋቸው። ከእኔ በፊት ነው የመጡት። በዕድሜም አባቴ ይሆናሉ። እኛ አገር ታላቅ በር ላይ ቆሞ ታናሽ አያልፍም። እግሬ እምቢ አለኝ።

«እርስዎ ይለፉ፣ ጋሽ ይመር።»

«ኧረ በማርያም! የተጠራው ያንቺ ስም ነው።»

«ቀድመውኝ ነው የመጡት።»

«ልጅሽ ምጥ ላይ ሆና እኔ ልቀድም? ወንድሜ እንደሆነ አንዴ ሞቷል፤ የትም አይሄድብኝ።»

«የሙት ቀንም አይገፋም። ይለፉ።»

«አላልፍም።»

«ወላሂ ያልፋሉ!»

«እማማ፣ አባባ፣ እባካችሁ» አለች ልጅቷ። «በስም ነው፤ የታክሲ ሰልፍ አይደለም።»

«አንዴ ልጄ፣ አንዴ» አልናት ሁለታችንም። እሳቸው በክርኔ ይዘው ወደ ፊት ይገፉኛል። እኔ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዤ እስባለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ልጅቷ አነሳች፣ ሰማች፣ አስቀመጠች።

«ተዘጋ» አለች።

ወንበሩ ባዶውን በረረ።

ሐያት ከሌላ ጠረጴዛ እየሮጠች መጣች። «እማ! ምን አልኩሽ? ምንድን ነው ይሄ? ጉርሻ ነው እንዴ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር፣ የልጃቸውን ጫማ እያዩ።

«የለም፣ የእኔ ነው» አልኩ።

«ደግሞ በጥፋቱም ልትገባበዙ ነው?» አለች። ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። እሷም እህቷን ነው የምታስበው።

አሕመድ ጋ ደወልኩ። አይሠራም። የእነሱ መንደር ስልክ ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ካልወጡ አይሠራም። ምጥ ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ማን ጉብታ ይወጣል?

ተመልሼ ምሰሶው ሥር ተቀመጥኩ። ጋሽ ይመር አጠገቤ ተቀመጡ።

ወደ ቀትር፣ በሰማይ

በሁለተኛው በረራ ልጅቷ ሁለታችንንም ጠራችን። «ሁለት ቦታ አለ። ተከታትላችሁ ግቡ» አለች። በዓይኗ ታስጠነቅቀናለች። ሳንተያይ ሮጥን። የዒድ ጫማና የመካኒክ ጫማ ወለሉ ላይ እንዴት እንደጮኹ አሁንም ይሰማኛል።

ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ክንፏ ሥር ማራገቢያ የሚመስል ይሽከረከራል። የደረሰኝ የመጨረሻው ወንበር ነው። ሐያት «በሩ እስኪዘጋ አትመኚው፤ ባለቤቱ ከመጣ ያስወርዱሻል» ብላኛለች። ቀበቶዬን በሁለት እጄ ይዤ በሩን አያለሁ። አንድ ሰው ሲገባ ልቤ ይወርዳል፤ ሌላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይመለሳል። አስተናጋጇ በሩን ጎትታ ዘጋችው። አልሐምዱሊላህ።

ከፍ ስንል ስለዚያ ወንበር አሰብኩ። ትኬቱን ገዝቶ ያልመጣ ሰው አለ። ሴት ይሁን ወንድ አላውቅም። «የቀረው በደህና ነገር ይሁን» ብዬ ዱዓ አደረግሁለት። ከዚያ ወዲያ ተመችቶኝ ተቀመጥኩ።

ብርቱካን ጭማቂና ትንሽ ዳቦ ሰጡን። ዳቦውን ለመንገድ ያዝኩት። በመስኮቱ ገደል፣ ከገደሉ በላይ ቢጫ ያለ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው መሃል የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ይታያል። ስንት ዓመት በአውቶቡስ የተንገላታሁበት መንገድ ከላይ ሲታይ የወደቀ መቀነት ይመስላል። ጋሽ ይመር ፊት ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበውታል። ሊያዩ አልፈለጉም።

ኮምቦልቻ፣ ደሴ

ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ከአውሮፕላኑ ስወርድ የአገሬ ነፋስ ፊቴን ነካኝ፤ አቧራና የደረቀ ሣር ይሸታል። ከጋሽ ይመር ጋር አንድ ታክሲ ተካፍለን ወደ ደሴ ወጣን። ሐረጎ አቀበት ላይ የጭነት መኪናዎች እያቃሰቱ ይወጣሉ። ሾፌሩ አንዱን ሊቀድም ሲል ሌላው ከላይ ይመጣል። ጋሽ ይመር በየኩርባው «ቀስ በል ወንድሜ፣ ወደ መታሰቢያ ነው የምሄደው፤ ለሌላ መታሰቢያ አትዳርገኝ» ይሉታል።

አሕመድ ጋ ደወልኩ። አይሠራም።

ደሴ መናኸሪያ ላይ ተለያየን። ጋሽ ይመር የኩታበር መኪና ወደሚቆምበት ሊሄዱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስትወልድ ስሙን ይመር በሉት» አሉኝ።

«ሴት ብትሆንስ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ይመር ግን እስላምም ክርስቲያንም ነው፤ በዚያ በኩል አትቸገሩም።»

ግንባሬን ሳሙኝ። ከእኔ ቀድመው ዞረው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቅ

ከደሴ ቁልቁል ሲወርዱ መጀመሪያ ሐይቁ ነው የሚታየው። ከተማዋ ኋላ ትመጣለች። ሰማያዊ ነው ብለው ይጽፋሉ። ዛሬ አመድማ ነበር፤ ዳሩ ላይ ብቻ አረንጓዴ። አንዲት ጀልባ መሃሉ ላይ ቆማለች። ልጆቼን የወለድኳቸው እዚህ ከተማ ነው። ባሌ የተቀበረውም እዚህ ነው። በመስኮቱ ፋቲሓ ቀራሁለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እወርድ ነበር።

መናኸሪያው የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ባጃጆቹ ይጯጯኻሉ። የውጫሌ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሁሉም ወንበር ሞልቶ ሁለት ይቀረዋል። ገብቼ ተቀመጥኩ። አልተነሳም። ሾፌሩ ሙሄ ይባላል፤ ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል። «አንድ ሰው ለውጫሌ! አንድ ሰው!»

«ሙሄ፣ እንሂድ እንጂ» አለው አንዱ ገበሬ። «ማሽላዬን ወፍ ጨረሰው።»

«ሳይሞላ አልነሳም። አንድ ወንበር ጥዬ ልሂድ?»

ጠዋት አንድ ባዶ ወንበር ቢገኝ ብዬ ስጨነቅ ነበር። አሁን አንድ ባዶ ወንበር መንገዴን ዘጋ። ሳቄ መጣ፤ ለሙሄ ነገርኩት።

«አውሮፕላኑ ባዶ ወንበር ይዞ ሄደ?» አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። «ሳይሞላ?»

«ሳይሞላ።»

«ተራ አስከባሪ የላቸውም እንዴ?»

አሕመድ ጋ እንደገና ደወልኩ። አይሠራም። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም። «የባዶውን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት» አልኩት።

ሙሄ ፊቱ ተለወጠ። «እናቴ፣ ይህን ጠዋት አትነግሪኝም?»

«ጠዋት የት አግኝቼህ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሙሄ ሞተሩን አስነሳ። የባዶውን ሒሳብ አልተቀበለኝም። ሻንጣዬን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

የውጫሌ መንገድ

ማሽላው አጎንብሷል። ራሱ ቀይ፣ ነጭ፣ ቡናማ ነው። ማሳው መሃል ማማ ላይ የቆሙ ሰዎች ወንጭፍ ያጮኻሉ። በግራ በኩል የአምባሰል ተራራ ግድግዳ ሆኖ ይከተለናል። ሙሄ የማሲንቆ ዘፈን ከፍቷል። በዚያው በአገሩ ቅኝት፣ በአምባሰል። ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚመለስ፣ የዚህን አገር መንገድ የሚመስል ዜማ።

ከፊት ጥሩንባ ተሰማ። አምቡላንስ ነው፤ ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ይበራል። ሙሄ ወደ ዳር ወጥቶ ቆመ። ዘፈኑን ዘጋ። በዚህ መንገድ ልማድ ነው፤ ድሮ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲያልፍ መንገደኛ ቁጭ ብሎ ይለምንለት ነበር። አሁን ቃሬዛው መኪና ሆነ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን።

«የምጥ ነው» አለች ከፊቴ የተቀመጠች የውጫሌ ሴት፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያላት። «ማርያም ትፍታት።»

«አላህ ያግራላት» አሉ ከኋላ።

«በሽልም ያውጣት።»

«አሚን» አልን ሁላችንም። አሚን አልኩ እኔም፤ ለማላውቃት ሴት። አምቡላንሱ አቧራውን አስነስቶ አለፈ። ሙሄ ዘፈኑን መልሶ ከፈተ።

ውጫሌ

የአሕመድ ወንድም ከማል መንገድ ዳር ቆሟል። በቅሎዋን ጭኖ ሊቀበለኝ እንደሚመጣ ትናንት ማታ ነው የተነጋገርነው። በቅሎዋ አልነበረችም። ሲያየኝ ሁለቱንም እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እማ! አሁን በዚህ መንገድ ነው የመጣሽ?»

«በየት ልምጣ? ሐሊማስ?»

«አልተገናኛችሁም? አሁን ይዘዋት ወረዱ። ጠዋት በቃሬዛ ከተራራው አወረድናት። እዚህ ያለችው አዋላጅ ‹ልጁ አመጣጡ ደህና አይደለም፣ ሐይቅ ሆስፒታል ትሂድ› አለች። አሕመድና እናታችን አብረዋት ናቸው፤ የአሕመድ ስልክ በጥድፊያ ላይ ቤት ቀረ። ሴቶቹ አሁንም ላይ ቤት ዱበርቲ ተቀምጠው ዱዓ ላይ ናቸው።»

ዱበርቲ የእኛ አገር ሴቶች ለነፍሰ ጡር ተሰብስበው አላህን የሚለምኑበት ነው። እኔ እዚያ ጉባኤ ውስጥ መሆን ነበረብኝ። ወይ አምቡላንሱ ውስጥ። ውጫሌ መንገድ ላይ ሻንጣ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሙሄ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሰምቶናል። የመኪናውን በር ከፈተ።

«ግቢ።»

«ተሳፋሪ አልሞላህም።»

«ተሳፋሪው አንቺ ነሽ፣ እናቴ። ግቢ አልኩ።»

መስቀል ያላት ሴት ወደ ገበያ ልትሄድ ወርዳ ነበር። ተመልሳ መጣች። እጄን ያዘችና «ለካ ያንቺዋ ናት» አለች።

ሙሄ ባዶ መኪናውን ነዳ፤ እኔና እሱ ብቻ። ዘፈን አልከፈተም። ማሽላው፣ ማማው፣ ተራራው፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይሮጣል። አምቡላንሱ ያለፈን ቦታ ስንደርስ የጎማው ዱካ ዳሩ ላይ ነበር። ያኔ ፍርሃት መጣብኝ። ለማላውቃት ሴት ያልኩት አሚን ቢያንስስ? እጄን እንደ ልማድ ብቻ ዘርግቼ ከሆነስ? ወደ ኋላ ሄጄ ራሴን መረመርኩ። አሚን ስል ልቤ የት ነበር?

ከእሷው ጋር ነበር። ማን እንደሆነች ሳላውቅ፣ ከእሷው ጋር ነበር። አልሐምዱሊላህ።

«ሙሄ፣ ልጆች አሉህ?»

«አራት። ሁሉም እናታቸውን ይመስላሉ፤ አላህ አዝኖላቸው።»

በዚያ ሰዓት የሳቅሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ወደ መግሪብ፣ ሐይቅ ሆስፒታል

አሕመድ በር ላይ ነው። የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል። ሳዑዲ ስድስት ዓመት ብረት ሲበይድ የኖረ ልጅ ነው። ሲያየኝ ግን ማልቀስ ጀመረ። የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ።

«ተናገር!»

«እየጠራችሽ ነው» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ አንቺን ነው የምትጠራው።»

አዋላጇ «የማን እናት ነሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» አለች። የሐሊማ አማት እቴ ዘሀራ ከአልጋው አጠገብ ተነሱ። ቀኑን ሙሉ ወገቧን ይዘው የቆዩት እሳቸው ናቸው። ልብሳቸው በላብ ርሷል።

ይቀጥሉ ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

«ዝም ብለሽ ግቢ» አሉኝ። «ምን ያስቆምሻል? ያንቺ ቦታ ነው።»

ገባሁ።

ሐሊማ ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኗን ገለጠች። «እማ። በምን መጣሽ?»

«በአውሮፕላን። በሐያት ትኬት።»

«ፈራሽ?»

«እዚህ እስክደርስ ድረስ።»

እጄን ያዘች። አጥንቴ እስኪሰማ ያዘች። «አላህ! አላህ! ማርያም! ማርያም!» ትላለች። የወሎ ሴት ምጥ ላይ የቅርቡን ሁሉ ትጠራለች። አዋላጇ እጇ ፈጣን ነው፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «እሺ የኔ እመቤት። ትንሽ ብቻ። አሁን። አሁን።» እኔ ወገቧን ይዤ የማውቀውን ሁሉ ቀራሁ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን ጀመርኩ።

ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ አጭር ነበር ይላሉ። ለእኔ ግን ያለፈው ዓመት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሐሊማ «ለምን አያለቅስም? እማ፣ ለምን አያለቅስም?» አለች።

አለቀሰ።

አለቀሰች። ሴት ናት።

አዋላጇ ጠርጋ፣ ጠቅልላ ሐሊማ ደረት ላይ አስቀመጠቻት። ሐሊማ ሳመቻት። ግንባሯን፣ ጣቶቿን፣ ደግማ ግንባሯን። ወደ እኔ ቀና ብላ «ሳምኳት» አለችኝ። አየሁ። አሕመድን አስገቡትና በቀኝ ጆሮዋ አዛን አለላት። ድምፁ ሦስቴ ተቆራረጠ። እቴ ዘሀራ ከበሩ ማዶ እልልታውን አቀለጡት።

ሐያት ጋ ደወልኩ። አነሳች፤ ከኋላዋ የመንገደኛ ጥሪ ይሰማል። «ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኳት። ከዚያ አንዲት ሌላ ልጅ ስልኩን ተቀብላ «እማማ፣ ሐያት እያለቀሰች ነው፤ እኛም እያለቀስን ነው፤ እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችኝ።

የመግሪብ አዛን ከከተማው ተሰማ። ውዱእ አድርጌ ምንጣፌን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። አሸዋማ ነው፤ አንድ ዋንዛ አለ፤ ከጣሪያዎቹ በላይ ሐይቁ ይጨልማል። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው። አዲሱን ሕንፃ ግን አላውቀውም፤ ከየት ወጥቼ ወዴት እንደቆምኩ፣ መካ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ምንጣፌን ይዤ ዞርኩ።

ዋንዛው ሥር አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። አጠገቧ የምግብ ሳህን፣ ያልተነካ። ስትመለከተኝ ነበር።

«በዚህ ነው» አለችና በእጇ አመለከተችኝ። «በውጫሌ በኩል። የኛ ጎረቤቶች ሁሌ ወደዚያ ዞረው ነው የሚሰግዱ።»

አመሰገንኳት። ምንጣፉን ዘረጋሁ። «የማን ሰው ነሽ?» አልኳት።

«ልጄ ውስጥ ናት። ከትናንት ጀምሮ። ያንቺዋ ወለደች አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ልጅሽ ስሟ ማን ነው?»

«ትርንጎ።»

አላሁ አክበር ብዬ ገባሁ። የማመሰግንበት ብዙ ነበረኝ። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ግን መጀመሪያ የጠራሁት የትርንጎን ስም ነው።